እነሱ ይቀዳሉ፣ እኔ እሞላለሁ

በፈረንጆቹ 2013 ዓ.ም.፣ የክረምቱ በረዶ ከመንገድ ዳር ሙልጭ ብሎ ሳይጠፋ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የባለቤቴ ሐኪም ያለችው አሌክሳንድሪያ ነው። በሁለቱ መካከል ቤልትዌይ የሚሉት መንገድና አንድ ረጅም ድልድይ አለ። በዚያ ሰሞን ያንን ድልድይ የተሻገርኩትን ያህል የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተሻገርኩ አይመስለኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ብዙ ማውራት አልወድም። ግን ይህን ነገር ለሰው ስነግር ሰው ይስቃል፣ እኔ ይደክመኛል። አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ባለቤቴ ጌታቸው ይባላል። እዚያው አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ሲፈስ፣ ማሞቂያ ሲጠፋ የሚጠራው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንጎሉ ሥር ካለች ዕጢ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር በቅላ ተገኘች። ክፉ አልነበረችም። ተመስገን፣ በቀዶ ሕክምና ወጣች። ዕጢዋ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ተወች። ሥራዋ፣ እንደ ነገሩን ከሆነ፣ የወንድ ሆርሞን እንዲመረት ማዘዝ ነበር። ትእዛዙ ቀረ፣ ሆርሞኑም ቀረ፣ ጌታቸውም አብሮ ቀረ።

ቀረ ስል ቤት ውስጥ አለ። ከሥራ መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እንደ ተቀመጠ ይመሻል። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ቀልዱ ጠፋ። ልጃችን ቤቲ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቀና ብሎ ያያታል፣ ፈገግ ይላል፣ ተመልሶ ዓይኑን ይከድናል። አንድ ዓመት ያህል ከአንድ ጃኬት ጋር ኖርኩ።

ከዚያ ሐኪሟ ሆርሞኑን በመርፌ ጀመረችለት። በየሁለት ሳምንቱ፣ ጭኑ ላይ። የምወጋው እኔ ነኝ። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ስለሆነ እጄ አይፈራም። እሱ ግን ይፈራል። ጣራ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ሰው መርፌ ሲያይ ዳዊት መድገም ይጀምራል። የመጀመሪያውን መዝሙር ሳያጋምስ ወግቼ ጨርሼ ጥጥ ይዤለታለሁ።

መርፌው ሠራ። ጃኬቱ መስቀያው ላይ መዋል ጀመረ። አንድ ቅዳሜ መኪና ውስጥ፣ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን፣ ድሮ የሚያወራውን አንድ ቀልድ ነገረኝ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ቀልድ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ የሳቅ መሰለው፤ ደስ አለውና ሌላ ጨመረልኝ።

ስለ መርፌው ለማንም አልተናገርንም። የወንድነት መርፌ ይወጋል ተብሎ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲወራ ይታያችሁ። እኛ የምንፈልገው ዝም ብሎ ማመስገን ብቻ ነበር።

ምስጋናችን አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ ሐኪሟ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ጠበቀችን። ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ሽበቷን የማትቀባ ሴት ናት። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ ጌታቸውን ሚስተር ወልደ ማርያም ነው የምትለው። «የሚስተር ወልደ ማርያም ደም ወፍሯል» ስትል በቅድሚያ የታወሱኝ አማቼ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያ ሁሉ ቀጠሮ አንድም ቀን አላረፉም።

ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። ሆርሞኑ ሰውነትን ብዙ ደም ሥራ ይለዋል። ደሙ ሲበዛና ሲወፍር በሥሩ ውስጥ እንደ ልቡ አይሄድም። ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ ልብ ወይም ወደ አንጎል ከሄደ አደጋ ነው። ስለዚህ ደሙ እየተለካ፣ ከልኩ ሲያልፍ ይቀዳለታል። ተቀድቶም አልመለስ ካለ መርፌው ይቆማል።

መርፌው ይቆማል ያለችውን ሰማሁ። ሌላውን አልሰማሁም። ለእኔ መርፌው ቆመ ማለት ጌታቸው ወደዚያ ወንበር ተመለሰ ማለት ነው። መርፌው ካልቆመና ደሙ ከረጋ ደግሞ ጨርሶ አይመለስም። በሁለቱ መካከል ቆሜ በዚያ ዓመት አንድ ሥራ ብቻ ሠራሁ፤ ደሙን ጠበቅሁ።

ደሙም ጠባይ አልነበረውም። አንዳንዴ ይወፍራል፣ ይቀዱለታል። አንዳንዴ ምንም ሳይደረግለት ደህና ሆኖ ይገኛል። ሐኪሟም ምክንያቱ አልገባትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀዳ አጠገቡ ነበርኩ። ነርሷ አንድ ከረጢት ሙሉ ቀዳች፣ ጫፉን ቋጠረች፣ ከዚያ ወደ ቀይ የቆሻሻ ዕቃ ልትጥለው ሄደች። ተነሥቼ ያዝኳት ማለት ይቻላል። ለሌላ በሽተኛ አይሰጥም ወይ አልኳት። ጌታቸው ለእናቱ ተዝካር ወባ ያለበት አገር ሄዶ ስለነበረ አይሰጥም አለችኝ። ተዝካር ሄዶ ደሙ ተጣለ። ያ ሁሉ ደም፣ ሙቀቱ እንኳ ሳይወጣለት።

እንግዲህ እኔ የሐበሻ እናት ነኝ። ከሰው ሲቀነስ ዝም ብዬ አላይም። እነሱ አንድ ከረጢት ከወሰዱ እኔ ሁለት ከረጢት መመለስ አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ፍስክ ሲሆን ጉበት ነው፣ ዱለት ነው። በቅበላ ሳምንት ለብቻው ያበሰልኩለት ለአንድ ማኅበር ይበቃ ነበር። ጌታቸው አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «ሴትዮ፣ ሐኪሟ ደም በዛብህ እያለች ነው የምትቀዳኝ፤ አንቺ ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ። እነሱ የወሰዱት መጥፎውን ነው፣ ይሄ ጥሩው ነው አልኩት። ለራሴ በጣም የተማረ መልስ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሥጋው ቀረ። ጌታቸው እንደ ሁልጊዜው ከማታ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምስ ይውላል። ጎህ ሳይቀድ ሥራ ይገባል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ክሊኒኩ ለሆቴሉ ቅርብ ስለሆነ ቀጠሮው ሁልጊዜ ስምንት ተኩል ነው። ለኪሱም ለሥራውም ተመቸ። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ እዚያ እጠብቀዋለሁ፤ ከተቀዳ በኋላ መንዳት የለበትም። ድልድዩ ላይ ስደርስ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ በቀኝ በኩል፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ፣ በእመቤታችን ስም እየተማጸንኩ እሻገራለሁ። ደም ግፊት የእኔ ነበር መለካት የነበረበት።

በጾሙ የመጀመሪያ ቀጠሮ ደሙ ከቅበላው ይልቅ ወፍሮ ተገኘ። ጉበት በሌለበት። ቀዱት። በዚያ ቀን ነው ነገሩ መበላሸት የጀመረው።

ሲቀዳ ፊቱ አመድ መሰለ። ነርሷ ደንግጣ የፖም ጭማቂ በትንሽ ካርቶን አመጣችና ጠጣ አለችው። ጌታቸው ጭማቂውን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ጭማቂውን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ ይዞ ተቀመጠ። ነርሷ ቆማ ትጠብቃለች። እሱ ሰዓቱን ያያል። አሁን አልጠማኝም፣ ቆይቼ እጠጣለሁ አላት። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ቅድም ውሃ ጠጥተሃል ወይ አለችው። በደንብ እጠጣለሁ አላት፤ እውነቱን ነው፣ ማታ ማታ በደንብ ይጠጣል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጾም ላይ ነው አላልኩም። ጾምን ሰው አያወራውም። እናቴ ስትጾም ጎረቤት እንኳ እንዳያውቅባት ከንፈሯን ቅባት ትቀባ ነበር። ዘጠኝ ሲሞላ ጌታቸው በመስቀል አማተበና ጭማቂውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጌታቸው በረዶ መብላት ጀመረ።

ቀልድ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በመጀመሪያ አፉ የሚገባው የበረዶ ቁራጭ ሆነ። ውጭው ብርድ ነው፣ እሱ ወጡ ቀርቦለት በረዶ ይቆረጥማል። ቴሌቪዥን እያየ ይቆረጥማል። ሆቴሉ ውስጥ በየፎቁ የበረዶ ማሽን አለ፤ ምንም ያልሆኑትን ማሽኖች ደጋግሞ ይጠግን ጀመር። አለቃው በትጋቱ ተደስቶ አመሰገነው። ቤት ውስጥ ድምፁ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ መኪና ነው። ሌላው ደግሞ ድካሙ ነበር። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ይቆማል። አንድ ማክሰኞ ከሥራ መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ተነሥቼ ራሴ አወለቅሁለትና መስቀያው ላይ ሰቀልኩት።

ቤቲ ቅዳሜ ከኮሌጅ መጣች። ያኔ ነርሲንግ ልትማር ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነበረች። አባቷ በረዶ ሲቆረጥም ትንሽ አዳመጠችና፣ «ማሚ፣ ዳድ ኒድስ አይረን» አለችኝ። ደም ሲቀዳ ብረትም አብሮ ይወጣል፣ ብረት ሲያንስ ሰው በረዶ ያምረዋል፣ መጽሐፌ ላይ አለ አለችኝ። መጽሐፏ ልክ ነበር፤ ነገሩን እስከ ግማሽ። ሌላውን ግማሽ ገና አልደረሱበትም ነበር።

እሑድ ደግሞ እትዬ አስካለ የጌታቸውን ክንድ አዩ። እትዬ አስካለ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ስንቸገር የማይለዩን ሰው ናቸው። ባንቸገርም አይለዩንም። ከቅዳሴ በኋላ ገና ያልጠፋውን የመርፌ ምልክት አይተው ምን ሆነህ ነው አሉት። ጌታቸው መርፌውን እንዳያነሣ ብሎ ደሜ ወፍሮ እየቀዱኝ ነው አላቸው። በዚያው ሳምንት ጥየቃ ጀመረ። ሰው መጣ። ተልባ መጣ፣ ቀይ ሥር መጣ፣ ጎመን በፌስታል መጣ፣ የተበጠበጠ ሱፍ በውሃ ጠርሙስ መጣ። ሁሉም ጌታቸውን እያዩ ከንፈር ይመጥጣሉ። አንዲት ሴት ስለ በሽታው ስም በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ የለውም ስላት ይበልጥ አዘነች።

እትዬ አስካለ ግን የክሊኒኩን ነገር አልተቀበሉም። «ይኼማ ዋግምት ነው» አሉኝ። «አባቴ ደሙ ሲከብደው በቀንድ ያስመጥጥ ነበር። ለዋግምት ነው እንዴ ድልድይ የምትሻገሩት?»

«እትዬ፣ ሐኪም ያዘዘው ነው።»

«ይቅዱት። ግን ከቀዱት መተካት ነው» አሉና ከቦርሳቸው አንድ የመድኃኒት ዕቃ አወጡ። ምራታቸው ስታረግዝ የወሰደችው የብረት ቫይታሚን ነበር፤ ከወለደች በኋላ የተረፈ። ለእርጉዝ የተፈቀደ ነገር ለወንድ ምን ይጎዳል አሉ። ዕቃው ላይ ሆዷን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ሥዕል አለ።

ሐኪሟን አልጠየቅሁም። ልጄ ብረት ብላለች፣ እትዬ አስካለ ብረት ይዘው መጥተዋል፤ ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ የእግዚአብሔር መልስ ነው አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበረዶው ጋር አንድ፣ ማታ አንድ እሰጠው ጀመር። ጌታቸው የመጀመሪያዋን ክኒን ከመዋጡ በፊት ሥዕሉን በደንብ አየ። «ወንድ ከሆነ ስሙን አንቺ አውጪ» አለኝ። ቀልዱ ገና ስላለ ደስ አለኝ። በወንድ ሆርሞንና በእርጉዝ ቫይታሚን መካከል የሚኖር ሰው፣ ቀልድ ባይኖረው በምን ይኖራል።

ሆሣዕና ሳይደርስ ቀጣዩ ቀጠሮ መጣ። ቤቲ ትምህርት ስላልነበራት ከእኔ ጋር ሄደች፤ እንዲያውም እሷ ነዳች፣ ድልድዩን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። ሆቴሉ ደጃፍ ጌታቸውን ወስደን ክሊኒክ ገባን። ክንዱን ወግተው ለኩ። ሐኪሟ መጣች፣ ተቀመጠች።

ደሙ ከመቼውም በላይ ወፍሯል አለች። የብረት ክምችቱ ደግሞ ተሟጥጧል፣ በጣም ተቀድቷል ማለት ነው። ይሄ ግራ ያጋባል፣ ብረት የሌለው ሰው ደሙ እንዲህ መወፈር አልነበረበትም አለች። የሚወስደው ሌላ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ጌታቸው ወደ እኔ ዞረ። ቤቲ ወደ እኔ ዞረች። ቦርሳዬን ከፍቼ ዕቃውን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሐኪሟ እርጉዟን አየች። ጌታቸውን አየች። እንደገና እርጉዟን አየች። ቤቲ፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ ፕሪኔታል?» አለችኝ። ስሙን ያኔ ነው የሰማሁት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ቢሆንም ቁጣ ይሻለኝ ነበር። ሆርሞኑ ሰውነቱን ደም ሥራ ይለዋል፣ ብረቱ ደግሞ ለዚያ ሥራ ማገዶ ነው አለችኝ። እኔ ስቀዳ አንቺ ስትሞዪ ነው የከረምነው አለች። ይህን ቤቲ ተረጎመችልኝ እንጂ ሳይተረጎምም ገብቶኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ክኒኑ ብቻ አይደለም አለች። ክኒኑ ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ችግሩ ግን የቆየ ነው። ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ወራቱን ትጠራ ጀመር። ኦገስት ላይ ወፍሮ ነበር። ሴፕቴምበር ደህና። ኖቬምበር መጨረሻ ወፈረ፣ ዲሴምበርም እንደዚያው። ጃንዋሪ ደህና፣ ፌብሩዋሪ ትንሽ ከፍ ያለ። አሁን ማርችና ኤፕሪል ከልክ ያለፈ። በአንድ ሰው ደም እንዲህ ያለ መውጣትና መውረድ አይቼ አላውቅም፣ አደጋውን መሸከም አልችልም፣ መርፌውን ዛሬ ማቆም አለብን አለች።

ጌታቸው እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ወዲያው ያ የወንበሩ ፊት፣ ምንም የማይጠብቅ ሰው ፊት፣ ሲመጣበት አየሁ።

እኔ ግን አልሰማ ብዬ ሳይሆን ሌላ ነገር እየሰማሁ ነበር። ኦገስት። ነሐሴ፣ ፍልሰታ። ኖቬምበርና ዲሴምበር፣ ጾመ ነቢያት። ጃንዋሪ ፍስክ፤ ፌብሩዋሪ ቅበላ፣ እሱ የእኔ ጉበት ነው። ማርችና ኤፕሪል ሁዳዴ። ሐኪሟ ሳታውቀው አጽዋማቱን በቅደም ተከተል እየቆጠረችልኝ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ነገር፣ በእንግሊዝኛ፣ ከባለቤቴ ደም ላይ።

ጌታቸው ገብቶታል መሰለኝ፤ በጫማው ጫማዬን ረገጠኝ። አትናገሪ ማለቱ ነው። ጾምን ማውራት ነውር ነው። ባልን መቅበር ግን ከዚያ ይብሳል።

«ዶክተር» አልኩ። «ሂ ኢዝ ፋስቲንግ። ኖ ፉድ። ኖ ዋተር። አንቲል ስሪ።»

ዛሬ ነው ወይ አለችኝ።

«ኤቭሪዴይ። ፊፍቲ ፋይቭ ዴይስ። ኦገስት ኦልሶ። ዲሴምበር ኦልሶ።»

ቤቲ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሐኪሟ ወንበሯን ከኮምፒውተሩ አዞረች። ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን የምታደርገው ብላ ጌታቸውን ጠየቀችው። እሱ አጥፍቶ እንደ ተያዘ ልጅ ወለሉን እያየ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አላት።

ለምን አልነገራችሁኝም አለች። ቤቲ ልታስረዳ ሞከረች፣ ግን እሷም እንግሊዝኛው አልበቃት አለ። በመጨረሻ፣ «ዩ ዶንት ብራግ አባውት ኢት» አለች፤ ሰው አይመካበትም ማለቷ ነው። ሐኪሟ ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሰው ውሃ ሳይጠጣ ሲውል የደሙ ውሃ ይቀንሳል፣ ሲለካ ወፍሮ ይታያል። እኔ በልቤ፣ ውሃው የመጠጠ ወጥ አልኩ። ወጡ አልበዛም፤ ውሃው ነው ያነሰ። እኛ ግን ውሃ ጠብ እንደ ማድረግ በጭልፋ እያወጣን ስንደፋ ከረምን። ባዶ ሲሆን ደግሞ በቫይታሚን ሞላሁት።

ከሆርሞኑም የመጣ ውፍረት አለ፣ የመርፌውን መጠን እቀንሳለሁ አለች። ክኒኑ ይቁም፤ ብረት የሚሰጠው እኔ ሳዝ ነው። ዛሬ አልቀዳውም። ለአንድ ሳምንት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠጥቶ ተመልሶ ይለካ፤ ከወረደ መርፌው ይቀጥላል፣ ካልወረደ ይቆማል። ከዚያ ወደ ጌታቸው ጠጋ ብላ፣ ይህ የመለኪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም አለችው። እንዳንተ ያለ ደም ያለው ሰው ደርቆ ሲውል ያኔ ነው የሚረጋው። በዚህ ዓመት ምንም ስላልደረሰብህ እኔን ይገርመኛል አለች። እኔን አልገረመኝም። የጠበቀውን አውቀዋለሁ።

ስንመለስም ቤቲ ነዳች። ድልድዩ መሐል ላይ፣ «ዳድ፣ ጀስት ድሪንክ ዘ ዋተር፣ ፕሊስ» አለች። ድምጿ ውስጥ ለቅሶ ነበር። ጌታቸው በአማርኛ፣ አባን ሳልጠይቅ አልጠጣም አላት።

ቤት እንደ ደረስን ለንስሐ አባታችን ደወልን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ድምፁን ከፈትነው። ጌታቸው ስለ መርፌው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ተናገረ፤ በጣም አሳጥሮ። አባ አልደነገጡም። እንዲያውም ሌላም ሰው አውቃለሁ አሉ። የታመመ ሰው እንደ አቅሙ ነው፣ ከሥጋና ከወተቱ ተከልከል፣ ውሃውን ጠጣ አሉት።

ጌታቸው ግን መደራደር ጀመረ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቢሆንስ አላቸው። አይሆንም አሉት። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ሳልጠጣ ብውልስ አለ። አይሆንም። የሰሙነ ሕማማትን ሳምንት ብቻ እንኳ። አባ፣ «ጌታቸው፣ እኔ ገበያ አልወጣሁም» አሉት። «ከጠዋት ጀምሮ ጠጣ። ይህ ትእዛዝ ነው፤ አለመታዘዝ ከጾሙ ይበልጣል።»

«እሺ አባቴ» አለ።

የጌታቸውን እሺ አውቃለሁ። ይህ እሺ የሚጠጣ ሰው እሺ አልነበረም። ነገ ሥራ ቦታ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ይዞት ይመለሳል፤ ማንም አያየውም፣ ጠጣሁ ይለኛል። ምክንያቱ ግትርነት ብቻ እንዳልሆነም ገብቶኛል። ጾሙ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነገር ነው። አሁን ቁጭ ብለሽ እያየሽኝ ልጠጣ ነው ወይ ሲል ሰማሁት፤ ቃል ሳያወጣ። እራቱን በላ፣ ጸሎቱን አደረሰ፣ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ከእሱ ቀድሜ ተነሣሁ። ጸሎቴን ጨርሼ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና በፊቱ አስቀመጥኩለት። የሥራ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ብርጭቆውን አየው። እኔን አየኝ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማልቀምስ መሆኔን ያውቃል። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ወዳለው መስኮት ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ታች መንገዱ ላይ አውቶቡሱ መጥቶ ሰው ጭኖ ሄደ። ሌላም መጣ። ከኋላዬ በስመ አብ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጉሮሮው ሲውጥ ሰማሁ።

ሳልዞር እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። ባዶውን ብርጭቆ እጄ ላይ አኖረልኝ። ከቧንቧው ሞላሁትና፣ ፊቴን ሳላዞር፣ መልሼ ሰጠሁት።